ከ50 ወደ 200 ሊትር፦ በመኖሪያ ቤት ጋራዥ የአየር ማከማቻን የማስፋት አንድ የጉዳይ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ በመኖሪያ ግቢዬ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አንድ መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ አለችኝ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር እዚያች ጋራዥ ውስጥ የቆመችውን አሮጌ ቮልስ በራሴ እጅ ቀለም ልቀባት ተነሣሁ። ዝገቷ ተፍቆ፣ የተጎዳው አካሏ በባትላሜራ ተስተካክሎ፣ ስቱኮ ተመትቶና በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ መደብ ቀለሙም ደርቆ የመጨረሻው ቀለም ላይ ስደርስ ሥራው ቆመ። ያቆመው የቀለሙ ዓይነት ወይም የእጄ ልምድ ማነስ ሳይሆን ቀለሙን በመርጫ ለመርጨት የሚያስፈልገው የታመቀ አየር እጥረት ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት የታመቀ አየር ማከማቻዬን ከ50 ሊትር ወደ 200 ሊትር አሳደግሁት፤ ይህ ጽሑፍም የዚያ ሥራ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን መጻፍ ያስፈለገኝ በግቢያቸው ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ስላሉና ሁለት ነገሮች ሲደጋገሙ ስለማይ ነው። አንደኛው፣ ታንክ ሲጨመር ኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚያምቀው ማሽን) የበለጠ አየር የሚሰጥ መምሰሉ ነው። ሁለተኛውና እጅግ የሚያሳስበኝ ደግሞ ታንኩ ከየት እንደመጣና ምን እንደደረሰበት ሳይጠየቅ መገጠሙ ነው።

የተፈጠረው ችግር

ኮምፕሬሰሩ በየጎሚስታው የሚታየው ዓይነት ነው፦ ባለ 50 ሊትር ታንክ፣ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ያለ ቺንጋ ፓምፑን በቀጥታ የሚያሽከረክር፣ በቤት የ220 ቮልት መስመር የሚሠራ። ግፊቱ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፤ ወደ 6 ባር ሲወርድ እንደገና ይነሣል። ለጎማ መንፊያና አቧራ ለማራገፊያ ከበቂ በላይ ሆኖ ዓመታት አገልግሎኛል።

ቮልስ ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ እየፈታሁ አንድ በአንድ ቀባኋቸው። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነ ከአየሩ መጠን በላይ አልሄደም። የፊት ኮፈኑም በጥንቃቄ አለፈ። ጣሪያው ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከግራ ጠርዝ ጀምሬ ወደ መሃል ስጠጋ የመርጫው ድምፅ ከሹክሹክታ ወደ መንፋት ተቀየረ፤ የሚወጣው ቀለም ጉም መሆኑ ቀርቶ ነጠብጣብ ሆነ። እጄን አንሥቼ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ሳየው 2 ባር ከግማሽ ላይ ነበር። ታንኩ እስኪሞላ ሦስት ደቂቃ ጠብቄ ከቆምሁበት ቀጠልሁ፤ በማግስቱ ከፀሐይ አንጻር ሲታይ ግን ጣሪያው መሃል ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ስፋቱ አንድ ጋት የሚሆን ሻካራ መስመር ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ መድረቅ ከጀመረ በኋላ የሁለተኛው ግማሽ ጉም ዳርቻው ላይ ስላረፈ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ጣሪያው በሙሉ እንደገና ተፈገፈገ።

በሰዓትና በጌጅ መለካት

ታንክ ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት ያለኝ ነገር ምን ያህል እንደሚሰጥና መርጫው ምን ያህል እንደሚፈልግ ለመለካት ወሰንሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው የስልክ ሰዓትና ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው ጌጅ ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚያርፈው ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ ላይ ነው፦ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ የአንድ የተወሰነ አየር ግፊትና ይዘት ሲባዙ ውጤታቸው አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ታንክ ከአንድ ግፊት ወደ ሌላው ሲወርድ የሚለቀውን አየር ለማወቅ የታንኩን ሊትር በሁለቱ ግፊቶች ልዩነት አባዝቶ ለአካባቢው የከባቢ አየር ግፊት ማካፈል ይበቃል። እዚህ ላይ አዲስ አበባ መሆናችን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 1 ባር ገደማ ሲሆን፣ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋው በእኛ ከፍታ ግን 0.76 ባር አካባቢ ነው። ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት በሩብ ያህል ያንሳል። አንድን ታንክ እስከ 8 ባር ለመሙላት ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያስፈልገው ይልቅ እዚህ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ የምት ብዛት ያስፈልጋል ማለት ነው። የኮምፕሬሰር ሻጮች የሚጠቅሱት የፋብሪካ ቁጥር ይህን አይነግረንም፤ ቁጥሩ ፓምፑ የሚስበው እንጂ ታንክ ውስጥ የሚያስገባው አለመሆኑም ሲጨመርበት ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። የእኔ ኮምፕሬሰር ሰሌዳ በደቂቃ 206 ሊትር ይላል።

መለካቱን እንዲህ አደረግሁት። ታንኩን ባዶ አድርጌ ሞተሩን ሳስነሣው 8 ባር ለመድረስ 4 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ወሰደበት። 50 ሲባዛ በ8፣ ለ0.76 ሲካፈል 526 ሊትር ልቅ (ያልታመቀ) አየር ይሆናል፤ በደቂቃ 115 ሊትር መሆኑ ነው። ከ6 ወደ 8 ባር ብቻ ለመውጣት 80 ሰከንድ ስለፈጀ ደግሞ በዚያ ከፍተኛ ግፊት ላይ የሚሰጠው 100 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሞተሩን ከሶኬቱ ነቅዬ፣ መርጫውን ያለ ቀለም በሥራ ግፊቱ አስተካክዬ ምላጩን እስከ መጨረሻው ሳብሁት። ከ8 ወደ 6 ባር ለመውረድ የወሰደው 26 ሰከንድ ነበር፤ በደቂቃ ወደ 300 ሊትር መሆኑ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ግልጽ ሆነልኝ። መርጫው በደቂቃ 300 ይበላል፤ ኮምፕሬሰሩ 100 እና ትንሽ ይሰጣል፤ ቀሪው ወደ 200 ሊትር የሚጠጋው ከታንኩ ይቀነሳል። መርጫው በአግባቡ የሚሠራው ታንኩ ውስጥ ቢያንስ 3 ባር ሲኖር ስለሆነ፣ 50 ሊትሩ ከ8 ባር ተነሥቶ ያለማቋረጥ የሚያስረጨኝ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጣሪያው አንድ እጅ ለመቀባት ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። ጣሪያውንና ሁለቱን ጎኖች ያለ መገጣጠሚያ መስመር በአንድ ዙር ለመጨረስ ደግሞ ምላጩ ተስቦ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ ተደምሮ ወደ 5 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ የሚያስፈልገውን ታንክ ማስላት ቀላል ነበር፦ ጠቅላላው ይዘት በአራት ቢባዛ፣ ማለትም 200 ሊትር ቢሆን፣ ያ አንድ ደቂቃ ተኩል ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ይሆናል።

ትልቅ ኮምፕሬሰር መግዛትም በሐሳቤ መጥቶ ነበር። በየቀኑ መኪና ለሚቀባ ሰው ትክክለኛው መፍትሔ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ታንክ አየር አያመርትም፤ ጠዋት የተመረተውን ለከሰዓት ያቆያል እንጂ። የእኔ ሁኔታ ግን ሌላ ነበር። በዓመት አንድ ወይም ሁለት መኪና ለምነካ ሰው ጠዋት ማከማቸት ይበቃል። በሌላ በኩል፣ ያለኝ ሞተር ሲነሣ እንኳ የሳሎኑ መብራት ብልጭ የሚል ሲሆን፣ ከዚያ የሚበልጥ ሞተር በዚሁ የቤት መስመር ላይ መጨመር ጎረቤትንም ማስቸገር ነበር።

ታንክ ፍለጋ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ብዙ ጊዜ የወሰደውና ብዙ ያስተማረኝ ይህ ክፍል ነው።

መጀመሪያ የቀረበልኝ ሐሳብ ከሰፈራችን በያጅ ነበር። ሙያውን አከብረዋለሁ፤ የግቢዬን በር የሠራው እሱ ነው። «ምን አደከመህ፣ ወንድሜ፣ ባለ ሁለት ሚሊ ላሜራ ጠቅልዬ ሁለቱን ጫፍ በጠፍጣፋ እዘጋልሃለሁ፤ በሁለት ቀን ይደርስልሃል» አለኝ። ወረቀት አውጥቼ አብረን አሰላነው። የታንኩ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 8 ባር ሲገባበት ጫፉን የሚዘጋውን ጠፍጣፋ ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 10 ቶን ክብደት የሚያክል ነው። ክብ የሆነው ግድግዳ ይህን ጫና ዙሪያውን እኩል ስለሚሸከም ሊችለው ይችላል፤ ጠፍጣፋው ግን ሆዱ ወደ ውጭ ይነፋል፤ አየሩ በተለቀቀ ቁጥር ይመለሳል፤ ብየዳው ጥግ ላይ በየቀኑ እንደሚታጠፍ ሽቦ ይሆንና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። የፋብሪካ ታንኮች ጫፋቸው እንደ እንስራ ቂጥ የጎበጠው ለዚህ ነው። በያጁ ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያም «እንዲህ ከሆነስ አልነካውም» አለኝ። ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሁለተኛው አማራጭ አሮጌ የቡታጋዝ ሲሊንደር ነበር። ሲሊንደሩ ጠንካራ ነው፤ ከ8 ባር የሚበልጥ ግፊትም እንዲችል ሆኖ ይሠራል። ነገር ግን ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከላይ ነው። የታመቀ አየር ሁልጊዜ ውኃ ይዞ ስለሚመጣ ከሥሩ ማፍሰሻ የሌለው ዕቃ ከውስጥ እየዛገ ይሳሳል፤ ከውጭ ቀለሙ አዲስ መስሎ ይቆያል። ማፍሰሻ ልግጠምለት ብሎ መብሳትና መበየድ ደግሞ ሁለት አደጋ አለው፦ የቀረ ጋዝ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሲሊንደሩም ያን ጊዜ ፋብሪካው የፈተነው ሲሊንደር መሆኑ ይቀራል። የከባድ መኪና የፍሬን አየር ታንኮችን ለማየት ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። እነዚህ ለታመቀ አየር የተሠሩና ማፍሰሻ ያላቸው ስለሆኑ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ሆኖም ያገኘኋቸው ከ40 ሊትር የማይበልጡ ስለነበሩ አራት ያህል ማገናኘት፣ የመገጣጠሚያውንም ቁጥር በዚያው ልክ ማብዛት ይሆን ነበር።

በመጨረሻ የፈለግሁትን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። ፓምፑና ሞተሩ ተፈትተው የተሸጡ የኮምፕሬሰር ታንኮች ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ተጋድመው ነበር። የመጀመሪያው 150 ሊትር ታንክ ላዩ የሚያምር ነበር፤ ሻጩ ወጣት «ጋሼ፣ ብረት እኮ ነው፤ ምን ይሆናል ብለው ነው?» እያለ በኪሎ ሊመዝንልኝ ሚዛኑን አዘጋጀ። ተንበርክኬ ሆዱን በእጄ ስዳስሰው ከማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ ከሽሮ ማንኪያ የማይበልጥ ጉብታ አገኘሁ። ቀለሙን በቁልፍ ስፍቀው የተበየደ ልጣፊ ወጣ። አንድ ጊዜ የተበሳ ታንክ ግድግዳው በአጠቃላይ መሳሳቱን እየተናገረ ነው፤ ቀዳዳው የታየው ቀድሞ ባለቀው ቦታ ብቻ ነው። ተውሁት።

ሁለተኛው ላዩ የዛገ፣ ነገር ግን ሰሌዳው የሚነበብ ነበር፦ 150 ሊትር፣ ከፍተኛ የሥራ ግፊት 10 ባር፣ የፈተና ግፊት 15 ባር፣ የግድግዳ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር። የማፍሰሻውን መዝጊያ ስንፈታው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ውኃ ወረደ፤ ቅርፊት ግን አልወጣም። በጎኑ ቀዳዳ በሽቦ ያሰርሁትን ትንሽ መብራት አስገብቼ ሳየው ዝገቱ ስስና እኩል ነበር፤ የተቦረቦረ ጉድጓድ አልታየኝም። ይህን ታንክ የወሰድሁት የብረት ውፍረት በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ያለው ባለሙያ በሃያ ቦታ ላይ ከለካልኝ በኋላ ነው። ዝቅተኛው ውፍረት ከሆዱ ሥር የተገኘው 2.6 ሚሊ ሜትር ነበር። በ8 ባር ይህ ግድግዳ የሚሸከመው ጫና በካሬ ሚሊ ሜትር 62 ኒውተን ያህል ነው፤ ተራ ብረት መለጠጥ የሚጀምርበት ግን ከ200 በላይ ስለሆነ ልዩነቱ አጽናናኝ።

በውኃ መፈተን

ታንክ ጥንካሬው የሚፈተነው በውኃ እንጂ በአየር አይደለም። ውኃ ሲጨመቅ ይዘቱ የማይቀንስ ያህል ስለሆነ ብረቱ ቢሰነጠቅ ጥቂት ውኃ ይረጫል፤ ግፊቱም ወዲያው ዜሮ ይሆናል። አየር ግን እንደ ተጠመዘዘ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል። ሁለቱ ታንኮች በ8 ባር ሲሞሉ በውስጣቸው ያለው ጉልበት 800 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ቮልሷ ራሷ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ስትበር ካላት ጋር ይቀራረባል። ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ንጽጽር በልቡ መያዝ አለበት ብዬ አስባለሁ።

ታንኩን በሁለት ጠንካራ ድጋፍ ላይ አጋድመን፣ ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርገን፣ አንድም የአየር አረፋ እስከማይቀር ውኃ ሞላነው። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የእጅ መፈተሻ ፓምፕ ተውሰን እስከ 15 ባር ቀስ እያልን ከፍ አደረግነው። በመጀመሪያው ሙከራ ጌጁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ 13 ወረደ። ልቤ ደንግጦ ነበር፤ ነገር ግን ውኃው የሚንጠባጠበው ከአንዱ መዝጊያ ጥርስ እንጂ ከብየዳው አልነበረም። ተፈትቶ በቴፍሎን በደንብ ተጠቅልሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ሙከራ ጌጁ 15 ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመ፤ በየመገጣጠሚያው የተለጠፈው ደረቅ ወረቀትም ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

ግንኙነቱ

አዲሱን ታንክ የት ላይ ማገናኘት እንደሚገባ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓምፑ ወደ ነባሩ ታንክ በሚያስገባበት ቦታ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አለ፤ ሞተሩ ሲጠፋ «ጭስ» የሚል ድምፅ የሚሰማውም በፓምፑና በዚህ ቫልቭ መካከል የቀረው አየር ሲለቀቅ ነው። አዲሱ ታንክ ከዚህ ቫልቭ በፊት ከገባ ሞተሩ ሁልጊዜ ከጭነት ጋር ይነሣል፤ ይቃጠላልም። ስለዚህ ግንኙነቱን ያወጣሁት ከነባሩ ታንክ ሌላ ቀዳዳ ነው፤ ግፊት ከሚቀንሰው ሬጉሌተር በፊት። በሁለቱ መካከል ግትር ቧንቧ ሳይሆን 20 ባር የሚችል ባለ ግማሽ ኢንች ጎማ አደረግሁ፤ የፓምፑ ንዝረት የብረት ቧንቧ ጥርስ ላይ ስንጥቅ ይፈጥራልና። ከዚያም አንድ ባለ እጀታ ቫልቭ፣ ከእሱ ቀጥሎ አዲሱ ታንክ፣ ከአዲሱ ታንክ ማዶ ደግሞ ሬጉሌተሩና የውኃ ማጣሪያው ገቡ።

ቫልቩ ሲዘጋ አዲሱ ታንክ ከነባሩ መከላከያ ውጭ ስለሚሆን ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቅ የራሱ ሴፍቲ ቫልቭ ያስፈልገዋል። 9 ባር ላይ የሚከፈት ገጠምሁለት፤ በሴፍቲ ቫልቩና በታንኩ መካከልም ምንም ዓይነት መዝጊያ አልገባም። ይህ የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም፤ ሴፍቲ ቫልቭ «ያፈሳል» ተብሎ በመዝጊያ ተተክቶ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ጋራዧ ውስጥ የሚገባውን መስመር በፕላስቲክ ቧንቧ እንዳደርገው የመከረኝ ሰው ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ማጣበቁም ቀላል ነው። አልተቀበልሁትም። የውኃ ፕላስቲክ ቧንቧ በታመቀ አየር ሲሞላና ሲያረጅ አይሰነጠቅም፤ ይበተናል፤ ስብርባሪው እንደ መስተዋት ይወረወራል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኔ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ተጠቅሜ ውኃው ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ አደረግሁት። ኮምፕሬሰሩንና ታንኩን ከቀለሙ ጉም ለማራቅ ከጋራዧ ውጭ፣ ከኋላ ግድግዳ ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ውስጥ ወለሉ ላይ በብሎን አሰርኋቸው።

የመጀመሪያው ሙሊትና ያልጠበቅሁት

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሁለቱንም ታንኮች ከባዶ ለመሙላት ሞተሩን አስነሣሁ። በ12ኛው ደቂቃ፣ ጌጁ 5 ባር ከግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ሙቀት ሲበዛ የሚያጠፋው ቁልፍ ዘሎ ሞተሩ ጸጥ አለ። የፓምፑ ራስ አጠገቡ እጅ አያስቀርብም ነበር። ሰሌዳውን ደግሜ ሳነበው ከዓመታት በፊት ያላስተዋልሁት ምልክት አገኘሁ፦ ሞተሩ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስቱን ብቻ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ከ50 ሊትር ጋር ይህ ገደብ አይሰማም፤ ከ4 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ በኋላ ራሱ ያርፋልና። ከ200 ሊትር ጋር ግን ያለ ዕረፍት 18 ደቂቃ መሥራት ይኖርበታል። በዚህ ላይ የሞተሮች የተለመደ ደረጃ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ የእኛ ስስ አየር ብረቱን የሚያቀዘቅዘው ባነሰ አቅም ነው።

ይህን አስቀድሜ ማስላት ነበረብኝ። ቁጥሩ በእጄ ነበር፤ ያሰብሁት ግን መርጫውን ብቻ ነው። አሁን ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አሠርቼ ለአምስት ደቂቃ አሳርፋለሁ፤ ከባዶ እስከ ሙሉ ግማሽ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ጎማ ለመንፋት ብቻ ስፈልግ ባለ እጀታውን ቫልቭ ዘግቼ በ50 ሊትሩ እሠራለሁ።

ሁለተኛው ነገር ፍሳሽ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ከ8 ወደ 5 ባር ከግማሽ ወረደ። የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባሁ ስፈልግ አንድ መገጣጠሚያ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ አረፋዎች ሲያብጡ አየሁና አጠበቅሁት። በቀጣዩ ሌሊት 7.7 ላይ አነጋ። አሁንም የሚያፈስ ቦታ አለ ብዬ ግማሽ ቀን አረፋ ስቀባ ዋልሁ፤ ምንም አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ ጌጁን ሳየው ማንም ሳይነካው ወደ 8 ተመልሶ ነበር። ማታ ታንኩ ሲሞላ ብረቱ 22 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ሊነጋ ሲል ወደ 12 ይወርዳል። ያ የአሥር ዲግሪ ልዩነት ብቻውን ግፊቱን በ0.3 ባር ይቀንሰዋል።

የተገኘው ውጤት

ሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ዝናብ ባልነበረበት አንድ ጠዋት፣ ጣሪያውንና ሁለቱን ጎኖች ቀባሁ። ሁለቱም ታንኮች 8 ባር ላይ ነበሩ። ከግራው በር ጀምሬ ጣሪያውን አቋርጬ በቀኝ በኩል እስክወርድ መርጫው ድምፁን አልለወጠም፤ ስጨርስ ጌጁ ከ4 ባር በላይ ነበር፤ ሞተሩ የሠራው ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። አንዱ እጅ ቀለም እስኪደርቅ የሚጠበቀው ሃያ ደቂቃ ሞተሩን አሳርፎ፣ አሠርቶ፣ እንደገና አሳርፎና አሠርቶ ታንኮቹን ወደ 8 ባር ለመመለስ በልክ ይበቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እጅ በዚሁ ሥርዓት ተሠሩ። በማግስቱ ጣሪያው ላይ የማንጎው ዛፍ ቅጠሎች አንድ በአንድ ተለይተው ይታዩ ነበር፤ መሃሉ ላይ መስመር የለም።

ያላሰብሁት ጥቅም የመጣው መብራት በጠፋበት ቀን ነው። አንድ የተለመደ የቤት መኪና ጎማ ከባዶ 2 ባር ለማድረስ፣ ይዘቱ 25 ሊትር ገደማ ቢሆን፣ ሙሉ የሆኑት ታንኮች ወደ 3 ባር እስኪወርዱ ድረስ ሃያ ጎማ መንፋት ይችላሉ። በዚያ ቀን ሞተሩ ሳይነሣ የሦስት ጎረቤቶች መኪና ጎማ ተነፋ።

ያልተፈታው የውኃው ጉዳይ ነው። በክረምት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ ስምንት ግራም ገደማ ውኃ ይተዋል። አዲሱ ታንክ አየሩን ለማቀዝቀዝ ስለሚረዳ አብዛኛው ውኃ እዚያ ይቀራል፤ ማጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከቀድሞው ያነሰ ነው። ነገር ግን በየምሽቱ ካልፈሰሰ ያን 2.6 ሚሊ ሜትር የሚበላው ይኸው ውኃ ነው። ቀለም በተቀባበት ቀን ማታ ከአዲሱ ታንክ ያፈሰስሁት ውኃ አንድ የቡና ሲኒ ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ቀለሙ ቀላ ያለ ነበር። ማፍሰሻውን ከሥር ተንበርክኮ መድረስ ስለሚያስቸግር ባለ እጀታ ቫልቭ በአጭር ቧንቧ ወደ ፊት አወጣሁለት፤ አሁን ልጄም ቢሆን ቆሞ ይከፍተዋል።

ታንኩ ጎን ላይ፣ ከሰሌዳው በታች፣ ከቮልሷ በተረፈው ቀለም ሁለት መስመር ጽፌበታለሁ፦ «በውኃ የተፈተነው፦ ሰኔ 2016፣ 15 ባር። ውፍረቱ እንደገና የሚለካው፦ ሰኔ 2018።»